ጉዳቱን የት እንፈልገው? ሕክምናውንስ ከማን እንጠብቅ?
ወሲባዊ ጥቃት ስለደረሰባቸው ልጆች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የዛሬው ርእሳችን በየሰፈሩ ያለ፣ ሲነሳ ግን ሰው ሁሉ ወሬ የሚለውጥበት ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ በሕይወት ካሉ ሴቶች ከስምንት አንዷ፣ በቁጥር ከ370 ሚሊዮን የሚበልጡት፣ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከወንዶችም ከ11 አንዱ፣ ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ በልጅነታቸው ይኸው ገጥሟቸዋል። ስለ ወንጀሉ አስከፊነትና ስለ ቅጣቱ ብዙ እንናገራለን። ልጁ ወይም ልጅቷ በማግሥቱ፣ በወሩ፣ በዓመቱ ምን እንደሚሆኑ ግን ብዙም አናወራም። ክርክሬ ይህ ነው፤ ጉዳቱን የምንፈልገው ብዙ ጊዜ በማይገኝበት ቦታ፣ በሰውነት ላይ ነው። ሕክምናውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከአእምሮ ሐኪም ብቻ እንጠብቃለን። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚታየው በጠባይ ላይ ነው፤ ሕክምናውም የሚጀምረው ነገሩን መጀመሪያ ከሰማው ሰው ነው። ይህን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ፤ በተቃራኒው የሚነሱትንም ሐሳቦች አላልፋቸውም።

በአገራችን አንዲት ልጅ ተደፈረች ሲባል ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድንግልናዋ ነው። ሐኪም ቤት የሚኬደውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ወረቀት ለማግኘት ነው። ወረቀቱ «ጉዳት አልታየም» ካለ ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ ተጠርጣሪው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ልጅቷ ውሸታም ትባላለች። ጥናቱ የሚለው ሌላ ነው። በአሜሪካ አስትሪድ ሄገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቃት ደርሶባቸው ይሆናል ተብለው ለምርመራ ከቀረቡ 2,384 ልጆች መካከል በምርመራው ያልተለመደ ነገር የተገኘባቸው ከመቶ 4 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ናንሲ ኬሎግና ባልደረቦቿ በ2004 ያወጡት ውጤት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ነፍሰ ጡር የሆኑ 36 ታዳጊዎች ተመርምረው ግንኙነት መፈጸሙን በማያሻማ መንገድ የሚያሳይ ምልክት የተገኘው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው። እርግዝናው እዚያው ምስክር ሆኖ ሳለ ሰውነት ዝም አለ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የብልት አካባቢ ሥጋ ይለጠጣል፣ ቢቆስልም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሽራል፣ ብዙው ጥቃት ቁስል የማይተው መነካካት ነው፣ ልጆችም የሚናገሩት ዘግይተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ የሚባለው እንዲቀር የጠየቀው ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለውና ልጅቷን ዳግመኛ ስለሚጎዳ ነው።

ይህ ሲባል ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም መፍጠን ያስፈልጋል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፣ ቀደም ባለ ቁጥርም ይበልጥ ይሠራል። የአባላዘር በሽታና የሄፓታይተስ ቢ ጉዳይም አለ። እርግዝና ቢከተል የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣን ጽንስ በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። ስለዚህ ማስረጃም እንዳይጠፋ ልጅቷን ሳያጥቡ፣ የለበሰችውንም ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት ይዞ ወዲያው መሄድ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያለ ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና አማካሪውን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል የተቋቋመበት ዓላማ ልጅቷ አንዱን ታሪክ በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግም ነው። የምለው ይህ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚኬደው ልጅቷን ለማከም ይሁን፤ ለእውነተኛነቷ ማኅተም ለመለመን አይሁን።

ታዲያ ጉዳቱ የት ይታያል? ልጆች የደረሰባቸውን የሚናገሩት ከአፋቸው በፊት በአኗኗራቸው ነው። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው የሰባት ዓመት ልጅ እንደገና ይጀምራል። ብቻዋን ትተኛ የነበረች ልጅ መብራት ካልበራ፣ እናቷም ካጠገቧ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስዳትም። ትንንሾቹ በአሻንጉሊታቸው ያንኑ ነገር ደጋግመው ይጫወቱታል፤ ለዕድሜያቸው የማይገባ ወሲባዊ ዕውቀትም ያሳያሉ። አራተኛ ክፍል ያለች ተማሪ ደብተሯን ከፍታ መምህሩን እያየች ምንም አትሰማም፤ ከፊቷ የሚነበበው ባዶነት እንደ ስንፍና ይቆጠርባታል። በአጠገቧ ያለፈ ሰው የተቀባው ሽቶ የአጥቂዋን የሚመስል ከሆነ ልቧ መምታት ይጀምራል፣ እጇ ያልበዋል፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም። አባቶች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ ያዩት ይህንኑ ነው፤ አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነት ገና እንዳለ አድርጎ ይጠብቀዋል። ዐሥራዎቹ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሰውነታቸውን ይደብቃሉ፣ በሙቀት ልብስ ይደራርባሉ፣ ራሳቸውን ይቆርጣሉ፣ ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ከቤት ይጠፋሉ፣ ወደ መጠጥና ወደ ሱስ ይሄዳሉ። በሙያው ቋንቋ እነዚህ በሦስት ይጠቃለላሉ፤ የደረሰውን እንደገና መኖር፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ መሸሽ፣ ሁልጊዜ በንቃት መጠባበቅ። በወንዶች ልጆች ላይ የሚጎላው ብዙ ጊዜ ቁጣውና ድብድቡ ነው፤ ስለዚህ የሚሰጣቸው ሕክምና ሳይሆን ግርፋት ነው። በወንድ ልጅ ላይ ይህ አይደርስም የሚለው እምነትም አፋቸውን ይለጉማቸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ሽንት የሚያመልጠው ልጅ ሁሉ ተጠቅቷል ማለት አይደለም፤ የወላጆች ፍቺ፣ ሕመም፣ የሰፈር መቀየርም ያንኑ ሊያመጣ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ምንም ምልክት አለመታየቱ ምንም አልደረሰም አያሰኝም። ካትሊን ኬንዳል-ታኬት፣ ሊንዳ ዊሊያምስና ዴቪድ ፊንክልሆር እ.ኤ.አ. በ1993 45 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የሚታይ አንድ የጋራ ምልክት አላገኙም፤ ከተጠቁት ሲሶ ያህሉ ደግሞ በምርመራው ጊዜ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ተሻሽለዋል፤ ከመቶ ከ10 እስከ 24 የሚሆኑት ግን እየባሰባቸው ሄደ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ምልክት የምናየው ለመጠየቅ ነው፤ ለመፍረድ አይደለም። ዛሬ ደህና የመሰለውንም ልጅ ከርሞ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

«እውነት ከሆነ ለምን ያኔ አልተናገረችም?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል። መልሱን ለማግኘት አጥቂው ማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ልጁን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ እቤት የሚያድር እንግዳ፣ አንዳንዴም የገዛ አባት ነው። ልጁ ከተናገረ ቤቱ ይፈርሳል፣ እናቱ ትታሰራለች፣ ማንም አያምነውም ተብሏል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮላንድ ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የዝምታ መንገድ ገልጾታል፤ ምስጢር፣ አቅመ ቢስነት፣ መውጫ ማጣትና መልመድ፣ ዘግይቶና ተቆራርጦ መናገር፣ በመጨረሻም የተናገሩትን መካድ። የመጨረሻው በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ልጁ ከተናገረ በኋላ እናት ስታለቅስ፣ አያት ስትራገም፣ አጎት ሲታሰር ያያል፤ ያኔ «ዋሽቼ ነው» ቢል ቤቱ የሚረጋጋ ይመስለዋል። ስለዚህ መዘግየትም መካድም በራሳቸው የውሸት ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ልጆች ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ጥያቄውም ራሱ ያልነበረ ነገር ሊያስተምራቸው ይችላል የሚለው ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው። በካሊፎርኒያ ማክማርቲን በሚባል መዋዕለ ሕፃናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው ክስ እስከ 1990 ተጎትቶ ያለ አንድ ጥፋተኛ የተዘጋው፣ ጠያቂዎቹ መልሱን በጥያቄው ውስጥ እያስገቡ ሕፃናቱን ስለመሯቸው ነው ተብሎ በሰፊው ተተችቷል። ከዚያ ወዲህ ሙያው ያደረገው ልጆችን መጠየቅ ማቆም አይደለም፤ አጠያየቁን ማረም ነው። ማይክል ላምና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የቃለ መጠይቅ መመሪያ ሰፊ ጥያቄን ያስቀድማል፤ «የሆነውን ሁሉ ንገረኝ»፣ «ከዚያስ?»፣ «ስለዚያ ጨምረህ ንገረኝ»። «አጎትህ እዚህ ጋ ነካህ አይደል?» የሚለው ጥያቄ ልጁንም ፍትሕንም ይጎዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሰማ ሰው መርማሪ ለመሆን አይሞክር፤ ልጁ የተናገረውን በራሱ በልጁ ቃል ይመዝግብና ለሚመለከተው ያድርስ። ማመንና መፍረድም ሁለት ሥራዎች ናቸው። እናት ልጇን አምና አቀፈች ማለት ተከሳሹ ተፈረደበት ማለት አይደለም፤ ያ የዳኛው ድርሻ ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለልጆች ተብሎ በተዘጋጀው ችሎት ልጁ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ቃሉን የሚሰጠው፣ የተከሳሹ የመከላከል መብትና የልጁ ደኅንነት አብረው ሊጠበቁ ስለሚችሉ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ። ከላይ የጠቀስኩት የ1993ቱ ግምገማ ከማገገም ጋር ጎልቶ ተያይዞ ያገኘው አንዱ ነገር የእናት ድጋፍ ነው። ያመነቻቸውና የተከላከለችላቸው ልጆች ቶሎ ይሻላቸዋል። «አንቺስ እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» የሚል የመጀመሪያ ምላሽ ልጅቷ በልቧ የያዘችውን «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ሐሳብ ያጸድቀዋል። የሚጠቅሙት ቃላት አጭር ናቸው፤ አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ በመናገርሽ ደስ ብሎኛል፣ ከእንግዲህ እንጠብቅሻለን። የመጨረሻው ቃል ግን በተግባር መታየት አለበት። አጥቂው ጓዳ ውስጥ እየተመላለሰ ምንም ዓይነት ሕክምና አይሠራም፤ የልጅቷ ፍርሃት ያኔ ሕመም መሆኑ ቀርቶ ትክክለኛ ግምት ይሆናል። ለዚህ ነው ጉዳዩን በሽምግልና እንጨርሰው የሚለውን የማልቀበለው። ሽምግልና የከበረ ባህላችን ነው፤ ደም ያደርቃል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ይህ ግን የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም። በካሣ ወይም በጋብቻ ሲታሰር የቤተሰቡ ስም ይድናል፤ ልጅቷ ከነጉዳቷ ትቀራለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። ዛሬ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር ለሚፈጸም ግብረ ሥጋ ግንኙነት አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ሕግ የዘጋውን በር ሽማግሌ ሊከፍተው አይገባም።

ከቤተሰቡ ድጋፍ ባሻገር ምልክቱ ላልለቀቃቸው ልጆች የተደራጀ ሕክምና አለ። በብዛት የተጠናው ጁዲት ኮኸን፣ አንቶኒ ማናሪኖና ኤስተር ዴብሊንገር ያዘጋጁት፣ አስተሳሰብንና ጠባይን በማስተካከል ላይ የተመሠረተ የንግግር ሕክምና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንታዊ ቀጠሮዎች ይፈጃል። መጀመሪያ ልጁና አሳዳጊው የሚሰማቸው ነገር የደረሰው ጉዳት ያመጣው እንጂ እብደት አለመሆኑን ይማራሉ። ቀጥሎ ልጁ ልቡ ሲመታ በሆዱ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ ስሜቱን በስሙ መጥራትን ይለማመዳል። ይህ ከተያዘ በኋላ ነው ወደ ታሪኩ የሚገባው። በአንዱ ቀጠሮ ቤቱን ብቻ ይሥላል፤ በሚቀጥለው በሩን የከፈተው ማን እንደነበር ይናገራል፤ ፍርሃቱ ከፍ ሲል ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ይቀጥላል። በየደረጃው የሚመጡት ሐሳቦች ይመረመራሉ፤ «ስላልጮህኩ ፈልጌ ነው» ያለችው ልጅ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ስትገጥም ምን ልታደርግ እንደምትችል ራሷ እንድትመዝን ትደረጋለች። አሳዳጊው በጎን የራሱን ትምህርት ይወስዳል፤ በመጨረሻ ልጁ ታሪኩን ለአሳዳጊው ያነባል፣ አሳዳጊውም ሳይሸበር ይሰማል።

«ቁስል መነካካት ለምን አስፈለገ? ይረሳዋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚሉት በርኅራኄ ነው፤ ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ወሲባዊ ጥቃት በደረሰባቸው ከ8 እስከ 14 ዓመት በሆኑ 229 ልጆች ላይ በተደረገ ንጽጽር ይህን ሕክምና ያገኙት ከሌላ ዓይነት የምክር አገልግሎት ካገኙት ይልቅ ተሽሏቸዋል። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ታሪካቸውን የተረኩትን ካልተረኩት ጋር አወዳድሮ፣ ከጥቃቱ ጋር የተያያዘ ፍርሃትን በማቅለል ትረካው እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ማንኛውም መናገር አያድንም። ጥቃቱ በደረሰ ሰሞን ልጁን አስቀምጦ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዲያፈስ ማድረግ የዓለም ጤና ድርጅት የማይመክረው ነገር ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር «ንገሪያቸው» ማለትም እንደዚያው ነው። የሚያድነው ልጁ መረጋጋትን ከተማረ በኋላ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ለሠለጠነ ሰው የሚናገረው ነው። መድኃኒትም አቋራጭ አይሆንም፤ ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለልጆች ድኅረ አደጋ ጭንቀት የድባቴ መድኃኒት እንዳይሰጥ፣ የማረጋጊያ ክኒኖችም ጥቃቱን በተከተለው ወር ውስጥ እንዳይታዘዙ መክሯል። ጸሎትና ጸበልን በተመለከተ፣ ልጁን የሚያጽናናውን እምነት ከሕክምናው ጋር ማጋጨት አያስፈልግም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ችግሩ የሚመጣው ልጅቷ «መንፈስ አለባት» ተብላ ስትገረፍ ወይም የሃይማኖት አባት ነገሩን ሰምቶ በምስጢር ሲያስቀር ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ የልጆች የአእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቅንጦት ነው ይባላል። መልሱ የመጣው ከአፍሪካ ነው። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ላውራ መሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከባድ ነገር የደረሰባቸው ከ5 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 257 ልጆች ተሳትፈዋል። ያከሟቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ በቅርብ ክትትል የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ሕክምናውን ባገኙት ላይ የጉዳቱ ምልክቶች ከመቶ 82 ገደማ ሲቀንሱ፣ የተለመደውን አገልግሎት ባገኙት ላይ የቀነሱት ከመቶ 21 ያህል ብቻ ነው። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ቤኒ ከተማ ደግሞ ወሲባዊ ጥቃትና ብዝበዛ የደረሰባቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 52 ልጃገረዶች የተሳተፉበት በ2013 የወጣ ጥናት አለ፤ በቡድን በተሰጡ 15 ትምህርቶች ከፍተኛ መሻሻል ታይቷል፣ ከሦስት ወር በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ጦርነት ባለበት ቦታ ይህ ከተቻለ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘልቅ የጤና ኤክስቴንሽን መረብ ባለን አገር አይቻልም ማለት አንችልም። የሚያስፈልገው ለተመረጡ የጤና ሠራተኞች፣ መምህራንና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች በቂ ሥልጠና፣ ከዚያም በላይ በየሳምንቱ ሥራቸውን የሚያይላቸው ባለሙያ ነው። ሉሳካ ላይ ውጤት ያመጣው ሥልጠናው ብቻ አይደለም፤ ክትትሉም ነው። ከእነሱ አቅም በላይ የሆነው፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስበው ልጅ፣ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ የምትይዙት ድርሻ አለ። ወላጅ የሆናችሁ፣ የልጃችሁ ጠባይ ድንገት ሲለወጥ ከቁጣ በፊት በእርጋታ ጠይቁ፤ ከተናገረም እመኑት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት አድርሱት። መምህራን፣ ፈዛዛ ያላችኋትን ተማሪና አስቸጋሪ ያላችሁትን ልጅ እንደገና እዩአቸው። የአገር ሽማግሌዎች፣ በእነዚህ ጉዳዮች ለዕርቅ አትቀመጡ። በጀት የምትመድቡ ደግሞ፣ ወንጀለኛውን ለማሠር ከምታወጡት ገንዘብ ጋር ልጁን ለማከም የሚሆነውን አብራችሁ መድቡ። አጥቂው ተፈርዶበት ልጁ ሳይታከም ከቀረ ፍትሕ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።